የታመመው ሰው ስም፦ ረሃብና ሕመም በፊልም ላይ

የቀድሞ ተማሪዎች ማኅበራችን የመጽሔት አዘጋጆች «ከሕክምና ታሪክ አንድ ነገር ጻፊልን» ሲሉኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ አንድ ሆስፒታል አመሠራረት ወይም ስለ አንድ ነባር መምህር ለመጻፍ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን ባለፈው ክረምት ተረኛ ባልሆንኩባቸው ምሽቶች የያዝኩት የሕክምና መጽሐፍ አይደለም፤ ፊልም ነው። አሮጌም አዲስም። ቤተሰቦቼ «ዛሬም ሆስፒታሉን ቤት ይዘሽው መጣሽ?» እያሉ ሲስቁብኝ ነው የከረሙት። ለካ ሳላስበው የመረጥኳቸው ፊልሞች ሁሉ አንድ የሚያገናኛቸው ነገር ነበራቸው። ሁሉም የተጎዳ ወይም የታመመ ኢትዮጵያዊ በካሜራ ፊት የቆመባቸው ናቸው።

እናም የምጽፈው ታሪክ ይህ ነው። ላለፉት ሃምሳ ዓመታት ገደማ ሕመማችንን ማን ቀረጸው? እንዴት ቀረጸው? የተቀረጸውስ ለምን ዋለ? የፊልም ባለሙያ አይደለሁም፤ የማየው እንደ ሐኪም ነው። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ ሌላው ተመልካች የተዋናዩን ውበት ሲያደንቅ እኛ «የአንገቱ ደም ሥር አብጧል እንዴ?» የምንል ሰዎች ነን።

አንድ ፊልም፣ ሁለት አገልግሎት

መጀመሪያ ያየሁት የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢ «ያልታወቀው ረሃብ» የተሰኘውን ዘጋቢ ፊልም ነው። ለብሪታኒያ ሕዝብ በቴሌቪዥን የታየው በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ነው። የወሎ ረሃብ በዚያን ጊዜ አዲስ ነገር አልነበረም። ንጉሠ ነገሥታዊው መንግሥት ዝም ብሎ ከርሞ ነበር እንጂ ሰው መሞት ከጀመረ ሰነባብቷል። እንዲያውም ከዲምብልቢ ካሜራ በፊት የደረሰ ሌላ ካሜራ አለ። በ1965 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው ያነሱትን ፎቶግራፍ ግቢ ውስጥ ለእይታ አቅርበው ነበር። ይህን ጽሑፍ ለሚያነቡ መምህራን ይህችን ነገር አስምሬ ማለፍ እፈልጋለሁ። ረሃቡን ለማየት ከለንደን መምጣት አላስፈለገም ነበር። የተፈለገው ከስድስት ኪሎ ተነስቶ መሄድ ብቻ ነው።

በዚያ ረሃብ የሞተው ሰው ቁጥር እንደ ገማቹ ይለያያል፤ ከ40,000 እስከ 200,000 ይደርሳል። በሕክምና ትምህርት ቤት ረሃብን የተማርነው በክብደትና በቁመት ሰንጠረዥ ነው፤ የክንድ ዙሪያው ከ11.5 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ሕፃን ብለን ነው። ፊልሙን ሳይ የታየኝ ግን ሌላ ነው። ሰዎቹ አይጮኹም። ዋርድ ውስጥ የሠራ ሁሉ ይህን ጸጥታ ያውቀዋል። የሚያለቅስ ሕፃን ገና አቅም አለው፤ የሚያስፈራው ዝም ያለው ነው። ካሜራው ይህን ዝምታ ከየትኛውም ሪፖርት በተሻለ ይዞታል።

የዚህ ፊልም ሁለተኛ ሕይወቱ ደግሞ ከመጀመሪያው ይበልጥ ያስገርማል። ደርግ ፊልሙን ወስዶ በመሃሉ የቤተ መንግሥት ድግስና ንጉሡ ውሾቻቸውን ሥጋ ሲያበሉ የሚያሳይ ምስል አስገባበት፤ በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው። በማግስቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። ያው ምስል እንግሊዝ አገር እርዳታ አሰባሰበ፣ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ለዙፋን መገልበጫ ዋለ። ፊልሙን አልወቅሰውም፤ የተደበቀውን ገልጧል። ንጉሡ እንዲያዝኑ የተገደዱበትን ምሽት ሳስብም አላዝንም። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ የተደበቀ ረሃብ ያጋለጠው መንግሥት ራሱ ረሃብ ደበቀ።

የኮረም ማለዳ

በ1977 ዓ.ም. ብዙዎቻችን ሕፃናት ነበርን፤ ከናንተ መካከል ገና ያልተወለደም ይኖራል። ስለ ሰባ ሰባት የምናውቀው ከወላጆቻችን አንደበት ነው። ውጭ አገር የተማሩ ወይም የሚሠሩ ጓደኞቻችን ደግሞ ከባዕድ አንደበት ነው የሚሰሙት። «ከየት ነሽ?» ተብለው «ከኢትዮጵያ» ሲሉ የሰውዬው ፊት ላይ ብልጭ የሚለው ምስል አለ። ያ ምስል ከየት መጣ ቢባል ከሁለት ሰዎች ነው፤ ከቢቢሲው ማይክል በርክና ከኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ከሞሐመድ አሚን። ኮረምና መቀሌ የተቀረጸው ዘገባቸው የታየው ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ነው። ዓለምን ያንቀሳቀሰው፣ በቀጣዩ ሐምሌ የላይቭ ኤይድን ኮንሰርት የወለደው እሱ ነው።

እንደገና ሳየው በእርግጥ ትልቅ ሥራ መሆኑን አመንኩ። አሚን ካሜራውን አያጣድፍም፤ ፊት ላይ ይቆያል። ይህ ሰው በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የጥይት ማከማቻ ሲፈነዳ አንድ ክንዱን አጥቷል። በኅዳር 1989 ዓ.ም. የሞተውም ተጠልፎ ኮሞሮስ አጠገብ ባሕር ላይ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ነው። ከኛ አገር ጋር ደም የተከፋፈለ ባለሙያ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለት ነገር ግን ከነከነኝ። አንደኛው ዘገባው ረሃቡን ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ጋር ማመሳሰሉ ነው። አነጋገሩ ልብ ይነካል፤ ምክንያቱን ግን ይሸፍናል። የሰባ ሰባት ረሃብ ከሰማይ ብቻ አልወረደም። ዝናቡ መቅረቱ እውነት ነው፤ ጦርነቱም እውነት ነው። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1976 ዓ.ም. አጋማሽ ማስጠንቀቂያ ማሰማቱ፣ መንግሥት ግን በመስከረም 1977 የአብዮቱን አሥረኛ ዓመትና የኢሠፓን ምሥረታ በታላቅ ድግስ ማክበሩም እውነት ነው። እኛ «የሞት ምክንያት» የሚለውን ቅጽ ስንሞላ «የእግዜር ቁጣ» ብለን አንጽፍም፤ ቅርብ ምክንያቱን፣ ከሱ በታች መነሻውን እንጽፋለን። በመጠለያው ውስጥ ቅርብ ገዳዮቹ ኩፍኝ፣ ተቅማጥ፣ የሳንባ ምችና ተስቦ ናቸው። መነሻው ደግሞ ሰውን ከቀዬው ነቅሎ በአንድ ሜዳ ላይ ያከማቸው ነገር ነው። ካሜራው ቅርቡን አሳየ፤ መነሻውን አላሳየም።

ሁለተኛው ነገር ከሙያችን ይቀርባል። መቀሌ በነበረው የመመገቢያ ጣቢያ ክሌር በርቺንገር የተባለች የቀይ መስቀል ነርስ በዘገባው ላይ ትታያለች። ምግቡ ለሁሉም አይበቃም፤ የትኛው ሕፃን እንደሚገባ፣ የትኛው ውጭ እንደሚቀር የምትመርጠው እሷ ናት። ዓለም ያየው «ደግ ነርስ» ነው። እኔ ያየሁት ግን ማንም ሰው ብቻውን መሸከም የሌለበትን ውሳኔ የተሸከመች የሙያ ባልደረባዬን ነው። አንድ ማሽን ለሁለት ሕመምተኛ ሲቀርብ የወሰነ፣ በኮቪድ ወራት የኦክስጅን ሲሊንደር የቆጠረ ሁሉ ያንን ፊት ያውቀዋል። የዘገባው ተመልካች ገንዘብ ልኮ ቀለል ብሎት ተኝቷል። እሷ ግን በማግስቱም እዚያው ደጃፍ ላይ መቆም ነበረባት።

የራሳችን ሰዎች ሲቀርጹ

ከነዚህ ዘገባዎች ወደ ኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ስሻገር ሌላ አገር የገባሁ መሰለኝ፤ አገሩ ግን ያው ነው። ጎንደር ተወልዶ አሜሪካ የፊልም ትምህርት ይከታተል የነበረው ኃይሌ ፊልሙን የቀረጸው እ.ኤ.አ. በ1974 ለዕረፍት በመጣበት ክረምት፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። ዲምብልቢ ካሜራውን ይዞ ከተመለሰ ዓመት አልሞላውም። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ይረዝማል፤ ይንቀረፈፋል። አብራኝ የጀመረችው እህቴ ከአንድ ሰዓት በኋላ «በቃ ገብቶኛል፣ ገበሬ ይደክማል» ብላ ተነስታለች።

እኔ ያስቀረኝ ከበበ የሚባለው ሰው ነው። ሰፈሩ «ዕብድ» ይለዋል። ጣሊያንን የተዋጋ፣ ኋላ መሬቱን የተነጠቀ ሰው ነው። እየዞረ ይናገራል፤ ባለርስቱን ፊት ለፊት ይሰድባል። በፊልሙ ውስጥ እውነቱን በግልጽ የሚናገረው ደግሞ እሱ ነው። በአእምሮ ሕክምና ክፍል ስንዘዋወር «ቅዠት አለው? የተዛባ እምነት አለው?» እያልን ነው የጠየቅነው። ጥያቄው ትክክል ነው። ከበበን ካየሁ በኋላ ግን አንድ ጥያቄ ልጨምርበት እወዳለሁ፦ «ምን ተወሰደብህ?» የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ በየካቲት 1967 ዓ.ም. ሲታወጅ ይህ ፊልም የቀረጸው ሥርዓት በሕግ አበቃ። ኃይሌ ሳያውቀው የአንድ ዘመን የመጨረሻ ወራት ላይ ነው የደረሰው። ወሎ ውስጥ ሰው ለምን በቶሎ እንደ ቅጠል ረገፈ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ካለ፣ ከምርቱ ትልቁን ድርሻ ለባለርስት አስረክቦ ጎተራው ባዶ የሚቀር ጭሰኛን እዚህ ፊልም ላይ ያገኘዋል። የዲምብልቢ ካሜራ ያላሳየን ያለፈው ታሪክ ይህ ነው። በኛ ቋንቋ ሂስትሪው ማለት ነው።

«ጤዛ» ደግሞ በቀጥታ ስለ እኛ ነው። ይኸው ኃይሌ ገሪማ ከሠላሳ ዓመት በኋላ የሠራው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት፣ በቀጣዩ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ በፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት ወስዷል። አንበርብር ጀርመን አገር ሕክምና የተማረ ነው። ሕልሙ አገሩ ተመልሶ ወገኑን ከበሽታ መታደግ ነበር። ተመለሰ፤ የጠበቀው ደርግ ነው። በላቦራቶሪ የሚሠራ ሰው እንኳ ከስብሰባና ከሂስ አያመልጥም፤ ጓደኛው ተስፋዬ ይገደላል። ኋላም ጀርመን ላይ በዘረኞች ተደብድቦ እግሩን ያጣል። በመጨረሻ እናቱ መንደር ሲገባ የሚያነክስ፣ የሚቃዥ፣ ያለፈውን በቁርጥራጭ ብቻ የሚያስታውስ ሰው ሆኗል። እናቱ ጠበል ታስጠምቀዋለች። ወጣቶቹ ለጦርነት እንዳይታፈሱ ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል።

ይህን ፊልም በተማሪነቴ አይቼው ቢሆን ኖሮ ስለ ፖለቲካ ነው ብዬ አልፈው ነበር። አሁን ሳየው ስለ አንድ የተጎዳ ሐኪም ነው። ከኛ በፊት የነበረው ትውልድ ስንቱን ሐኪም፣ ስንቱን መምህር በዚያ መንገድ አጣ? ያስተማሩን አንዳንድ መምህራን ስለዚያ ዘመን ስንጠይቃቸው ወሬ ሲቀይሩ ትዝ ይላችኋል? እኛ «ቁጡ ናቸው» እንላለን እንጂ ምን እንዳዩ አንጠይቅም ነበር። አንበርብር ግን አልዳነም ብዬ አልደመድምም። ፊልሙ ሲያልቅ የመንደሩን ልጆች ሲያስተምር ነው የምናየው። መዳን ማለት ሁልጊዜ ወደ ቀድሞው መመለስ እንዳልሆነ በሽተኞቻችን በየቀኑ ይነግሩናል።

ከበሩ በፊት ያለው መንገድ

ከአዲሶቹ መካከል ስሜቴን በጣም የነካው እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው ስለ ፌስቱላ ሕመምተኞች የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ነው፤ በእንግሊዝኛ «ኤ ዎክ ቱ ቢዩቲፉል» ይባላል። አምስት ሴቶችን ከየመንደራቸው ተነስቶ አዲስ አበባ ፌስቱላ ሆስፒታል እስኪደርሱ፣ ከዚያም ከሕክምናው በኋላ ይከተላል። የሆስፒታሉን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ለመሥራት መጡ፤ ከዓመታት በኋላ የራሳቸውን ሆስፒታል ከፈቱ፤ ካትሪንም እ.ኤ.አ. በ2020 እዚሁ አዲስ አበባ እስካረፉበት ቀን ድረስ አልተለዩትም።

ስለ ፌስቱላ የተማርነው «የተራዘመ ምጥ ውጤት ነው» ተብለን ነው። ትክክል ነው። የፊልሙ ሩቡ ሳይደርስ ግን ቃሉ ለኔ ትርጉሙ ሰፋ። አንዷ ሴት ከእናቷ ቤት ጥግ በተቀለሰች ጠባብ መጠጊያ ውስጥ ብቻዋን ትኖራለች። ሽታዋን ሰው እንዳይጠየፍባት ከሰው ርቃ ነው። ወደ መኪና መንገድ ለመድረስ ሰዓታት በእግሯ ትሄዳለች። እዚህ ፊልም ላይ ሐኪሙ የሚገባው ዘግይቶ ነው፤ ሴቲቱ በራሷ አንደበት ብዙ ከተናገረች በኋላ። እኛ ጋ ግን የበሽተኛዋ ታሪክ የሚጀምረው ካርድ ከወጣበት ሰዓት ነው። ሌላም የወደድኩለት ነገር አለ። ሁሉም ሴቶች ድነው፣ አዲስ ቀሚስ ለብሰው አያበቃም። አንዷ በቀዶ ሕክምናው ሙሉ በሙሉ አልዳነችም፤ ፊልሙ ይህንንም አልደበቀም። ለማስታወቂያ የተሠራ ፊልም ቢሆን ይህን ክፍል ይቆርጠው ነበር።

ከዚህ ጎን «ድፍረት»ን ማስቀመጥ ያስፈልጋል። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ ላይ የተመልካቾችን ሽልማት አግኝቷል። ተጠልፋ የተደፈረች፣ ራሷን ስትከላከል ጠላፊዋን የገደለች ታዳጊ ጉዳይ ነው። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ካገባት ከክስ ነፃ የሚወጣበትን በር ከፍቶለት ነበር፤ በሩ የተዘጋው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ፊልሙ አንጀት ይበላል። ነገር ግን በ2006 ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ሊመረቅ በነበረበት ምሽት በፍርድ ቤት ዕግድ ቆመ። ታሪኩ የደረሰባት ሴት ፈቃዷ እንዳልተጠየቀ አቤት ብላ ነበር። ማን ልክ እንደነበረ ለመፍረድ አይደለም ይህን ያነሳሁት። ጥያቄው ግን ከሃምሳ ዓመት ወዲህ ሲንከባለል የመጣው ጥያቄ ነው፤ በዚህ ጊዜ የጠየቀችው ራሷ ባለታሪኳ መሆኗ ነው ልዩነቱ። ኮረም ሜዳ ላይ የተቀረጹት ይህን የመጠየቅ ዕድል አልነበራቸውም።

ካሜራው አሁን የት ነው?

አሁን ካሜራው ጋውናችን ኪስ ውስጥ ነው። ራውንድ ላይ የቆመ ተማሪ ሁሉ ስልክ አለው። ጥሩ ነገር አይደለም አልልም። ከወረዳ ሆስፒታል የተላከ የኤክስሬይ ፎቶ ስንት ሰው እንዳተረፈ ሁላችንም ምስክር ነን። ለሕክምና ገንዘብ ማሰባሰቢያ በፌስቡክና በቴሌግራም በሚለጠፍ ምስል ሕይወቱ የተረፈ ልጅም አለ፤ ልክ በ1966ና በ1977 ምስል ሕይወት እንዳተረፈ። በአንጻሩ ደግሞ በአንድ ሆስፒታል አልጋ ላይ ያለች ሕፃን፣ እናቷ ሳታውቅ ዕጢዋ ፎቶ ተነስቶ ከቡድን ወደ ቡድን ሲዞር አይቻለሁ። ከሥሩ የተጻፈው «የሚገርም ኬዝ» የሚል ነው። ስሟ የለም። ስሟ አለመኖሩ ለምስጢር ጥበቃ ነው ቢባልም ፊቷ ግን ወለል ብሎ ይታያል። ምስጢሯም አልተጠበቀ፣ ስሟም አልተነገረ፤ ሁለቱንም አጣች።

ከፊልሞቹ የወሰድኩት ይህን ነው። ምስል ከቁጥር ይበልጣል፤ ይህን የወሎ ታሪክ አስተምሮናል። ግን ምስል ብቻውን ምክንያቱን አይናገርም፤ ከበበንና ጭሰኞቹን የሚያሳይ ታሪክ ይፈልጋል። የታመመው ሰው ራሱ ሲናገር ደግሞ ሕክምናችንም ይሻሻላል፤ የፌስቱላዋን ሴት መንገድ የሰማ ሐኪም ቀጠሮ ሲሰጥ «ነገ ተመለሺ» ብሎ በቀላሉ አይናገርም።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችን አንድ ተግባራዊ ሐሳብ ላቅርብ። ተማሪዎች ለገጠር ሥልጠና ከመውጣታቸው በፊት ከነዚህ ፊልሞች አንዱን አብረው ይዩ። ከዚያ ሦስት ነገር ይጠየቁ፦ የሞት ወይም የሕመም መነሻ ምክንያቱ ምን ነበር? ሰውዬው ወይም ሴቲቱ ራሳቸው የተናገሩት የት ቦታ ላይ ነው? ካሜራው ሲዞርባቸው ፈቃዳቸውን የጠየቀ ነበር? ሁለት ሰዓት ነው የሚፈጀው። የፎቶ ፈቃድ መጠየቂያም በአማርኛና በየአካባቢው ቋንቋ ተዘጋጅቶ በየዋርዱ ቢቀመጥ ብዙ ወጪ የለውም።

ለናንተ ለክፍል ጓደኞቼ ደግሞ፦ ለበዓላችን የድሮ ፎቶዎች አምጡ ተብላችኋል። ዋርድ ውስጥ፣ በሕመምተኛ አልጋ ዙሪያ ቆመን የተነሳናቸው እንዳሉ አውቃለሁ። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ከመስቀላችሁ በፊት መሃል ላይ የተኛውን ሰው አንዴ እዩት። ስሙን የሚያስታውስ ካለ፣ ፎቶውን አስቀርቶ የሱን ታሪክ ይንገረን። ቡናው ላይ እንሰማዋለን።